ቢሮ ወይስ አዳራሽ

ሔርሜላ ብርድ ልብሱን ከፊቷ ሳትገፋ እናቷ ስለ እሷ እግዚአብሔርን ሲያመሰግኑ ሰማች። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በልብ መጸለይ አያውቁበትም። ጎህ ሲቀድ ሳሎን ውስጥ ይንበረከኩና ክርናቸውን ሶፋው ላይ ተክለው፣ ጌታ ዲላ ሳይሆን ሐዋሳ ያለ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያዋሩታል። የሳሎኑና የሔርሜላ ክፍል ግድግዳ ደግሞ ጣሪያው ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት ምስጢር የሚባል ነገር የለም። "ገመናችንን ሸፍነህልናልና ተመስገን" አሉ እናቷ። "ነገሩን ሰው ሳይሰማው፣ ስማችን መንገድ ላይ ሳይወድቅ፣ አንተው በጥበብህ አንስተህልናልና ተመስገን ጌታዬ።" ከዚያ ለዝናቡ፣ ለቡናው፣ ለሀገር ሰላምና ለጎረቤታቸው የስኳር በሽታ ጸለዩ።

ነገሩ የተባለው ልጅ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሔርሜላ በምትሠራበት የቡና መጋዘን ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ሳለ ሆዷን ቆረጣት፤ ቤት ገባች፤ ሲመሽ ሆስፒታል ነበረች፤ ሲነጋ ልጁ አልነበረም። ለጎረቤት ታይፎይድ ነው ተባለ። ዲላ ውስጥ ታይፎይድ ያልሸፈነው ጉድ የለም፤ ጎረቤቱም ሳይጠራጠር ብርቱካንና አናናስ ይዞ እየመጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የቧንቧውን ውሃ አምቶ ሄደ። አሁን በእናቷ ጸሎት መናደድ እንዳለባት ሔርሜላ ታውቃለች። ጣሪያውን እያየች ንዴቱን ጠበቀችው፤ አልመጣም። ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ እንዲህ ናት። ሰው ሲያወራት ትሰማለች፣ ሲስቁ ትስቃለች፣ ውስጧ ግን ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖባታል። ተነስታ አልጋዋን አነጠፈች።

በእነሱ ቤተክርስቲያን የሚጋባ ሰው የሚጋባበት ቦታ ሁለት ነው፤ አዳራሹና ቢሮው። አዳራሹ ያው አዳራሽ ነው፤ ቬሎ፣ ዓይነ ርግብ፣ መዘምራን፣ ቪዲዮ ቀራጭ፣ እልልታ። ቢሮው ከአዳራሹ ጀርባ ያለች፣ የተበላሹ ድምፅ ማጉያዎችና የፕላስቲክ ወንበሮች የሚታጨቁባት ክፍል ናት። ከጋብቻ በፊት የወደቁ የሚባሉት እዚያ ይጋባሉ፤ ያለ ዓይነ ርግብ፣ ያለ መዝሙር፣ ጥቂት ሰው ባለበት፣ በሥራ ቀን። ከዚያ በኋላ ለወራት ከጌታ እራት ይታገዳሉ፤ እንደ ሔርሜላ ዘማሪ ከሆኑም ከመዘምራኑ ይወርዳሉ። ማንም አይሰድባቸውም፤ ይልቁንም ሰው ሁሉ ያዝንላቸዋል፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። እገሌ ሊያገባ ነው ሲባል እነሱ ሠፈር መጀመሪያ የሚጠየቀው ማንን ተብሎ አይደለም፤ "ቢሮ ነው አዳራሽ?" ተብሎ ነው። የትኛው እንደሚሆን የሚወስኑት ጋሼ ግዛቸው የሚባሉ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ቦታው እንደ መልሱ ነው።

ልጁ ሆዷ ውስጥ ሳለ ቦታ የሚመረጠው በሹክሹክታ ነበር። መጀመሪያ ሐዋሳ ማዘጋጃ ቤት ታሰበ፤ እዚያ ማን ያውቃቸዋል። ቀጥሎ ቡሌ፣ የእጮኛዋ የሰብስቤ እናት ቤት ታሰበ፤ ቡሌ ደጋ ነው፣ መንገዱ ያንገላታል፣ ከዲላ ተነስቶ የሚሄድ ዘመድ አይኖርም። በመጨረሻ ወይዘሮ ጥሩብርሃን "የትም ብንደበቅ ሰው ወር መቁጠር ያውቃል" ብለው እየመረራቸው ቢሮውን ተቀበሉና ከጋሼ ግዛቸው ቀጠሮ ያዙ። እሳቸው የእናቶች ጸሎት ሰብሳቢ ናቸው፤ ልጃቸውን ቢሮ አስገብተው ሌሎች እናቶች ፊት እንዴት ቆመው እንደሚጸልዩ ሲያስቡ እንቅልፍ አጥተው ከረሙ። በስልክ ግን ጉዳዩን አልተናገሩም፤ "ስለ ልጄ ጋብቻ ነው" ብቻ አሉ። ቀኑ ሳይደርስ ልጁ ወረደ። ቀጠሮው ግን አልተሰረዘም፤ ዛሬ ነው።

"ትንሽ ነው የምናደርገው" አሉ እናቷ ሻይ እየቀዱ። "የአባትሽን አቅም አውቃለሁ፣ ትንሽ ነው። ትንሽ ግን አዳራሽ። መጀመሪያ ለምሳው ሆቴሉን እንይ፣ ከዚያ ሱራያ ጋ ቬሎውን፣ ከዚያ ጋሼ ግዛቸው ዘንድ።"

"እሺ" አለች ሔርሜላ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከአፏ የሚወጣው ቃል በአብዛኛው ይኸው ነው።

አባቷ አቶ ሽብሩ በረንዳው ላይ የወንበር እግር ይጠግናሉ። አናጢ ናቸው። አዳራሹ መድረክ ላይ ያሉትን ሁለት የሙሽራ ወንበሮች ከዋንዛ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ የሠፈሩ ግማሽ በየተራ ተቀምጦባቸዋል። አንደኛው እግሩ ተናግቶ ትናንት በጋሪ መጥቶላቸዋል። ዱሮ ሔርሜላ ከትምህርት ቤት ስትመጣ "የአንቺ ተራ መቼ ነው?" እያሉ ያሾፉባት ነበር። ሆስፒታል የሄደች ማታ ዝናብ ውስጥ ወጥተው ባጃጅ የጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ማታ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ማሾፉንም ትተዋል። ታይፎይዱን ይመኑ አይመኑ አይታወቅም። አልጠየቋትም፣ አልነገረቻቸውም፤ እናቷም በመካከል "አባትሽን በዚህ አትግደይው" ብለዋታል። "ሄድን አባዬ" ስትላቸው ቀና ሳይሉ "በባጃጅ ሂዱ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው" አሉ።

የእሸት ቡና ወቅት ነው። አስፋልቱ ላይ ጆንያ የጫኑ አይሱዙዎች ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ፤ በእጁ ገንዘብ የገባለት ሁሉ ሞተር ብስክሌቱን አሳጥቦ ሻይ ቤት በር ላይ አቁሞታል። ሆቴሉ ከመንገዱ ገባ ያለ፣ ሰፊ የአትክልት ግቢ ያለው ነው። የግቢው ኃላፊ ሀኒ የምትባል፣ ስልኳን ከእጇ የማትለቅ ወጣት ሴት ናት። የማታ ዝናብ ያቆረባቸውን የፕላስቲክ ወንበሮች እያገላበጠች አስጎበኘቻቸው።

"ለስንት ሰው ነው እትዬ?"

"ለሃምሳ።"

"ሃምሳ ሰው እኮ ልደት ነው!" ብላ ሳቀች ሀኒ። "ችግር የለም፣ እናደርጋለን። በሰው ሰባት መቶ ሃምሳ፣ ኬክና ዲኮር ለብቻ።" ወይዘሮ ጥሩብርሃን ነጠላቸውን አስተካክለው ክርክሩን ጀመሩ። እኛ የጌታ ሰዎች ነን፣ ቢራ አንጠጣም፣ የቢራውን ቀንሺልን አሉ። ሀኒ የቢራው መጀመሪያም የለበትም አለች። እናቷ እንግዲያው የለስላሳውን ቀንሺልን አሉ። ሔርሜላ ግቢው መሀል የቆመውን ቢጫና ቀይ የተቀባ የልጆች ሸርተቴ ታይ ነበር። ከሥሩ የልጅ ተረከዝ የቆፈረው ጉድጓድ አለ፤ ዝናብ ሞልቶበታል። "ይሄ ለፎቶ አያምርም፤ ይነሳል?" ሲሉ እናቷን ሰማቻቸው። ለሰርግ እንደሚነሳ ሀኒ አረጋገጠችና "ሙሽራዋ ዝም አለች እኮ፤ ዳሱ ይሻልሻል ግቢው?" አለቻት። ሔርሜላ የተሻለው ይሁን አለች። ሀኒ የቱ እንደተሻለ ከእናቷ ፊት አንብባ ዳሱን መረጠች።

ሱራያ ቬሎ የምታከራየው ገበያው አጠገብ፣ አባቷ ከጉራጌ ሀገር መጥተው ጨርቅ በነገዱባት ሱቅ ነው። ሔርሜላን ታውቃታለች፤ ባለፈው ዓመት ለጓደኛዋ ሚዜ ስትሆን ልብሷን የለካቻት እሷ ናት። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በሔርሜላ ወገብ ዙሪያ አዞረችውና አፏን አሽሟጠጠች።

"ቀንሰሻል።"

"ታይፎይድ ነበረባት" አሉ እናቷ ቶሎ ብለው።

"ኧረ ታይፎይዱስ አምሮባታል! ሌሎቹ እኮ ተለክተው ሄደው ሲመለሱ ዚፑ አይዘጋም። እኔ ምን አገባኝ፣ ዝም ብዬ አሰፋለሁ" አለች ሱራያ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው ሳቁ። "የእኔ ልጅ ዚፕ ይዘጋል" አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ያሉትን የሰሙት ይመስል ፊታቸውን ወደ ልብሶቹ አዞሩ። ቬሎው ተዘጋ። ሱራያ ዓይነ ርግቡን ከሳጥን አውጥታ ለእናትየው ሰጠች፤ ይህን የምታደርገው እናት ናት ብላ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በልጃቸው ፊት ላይ አለበሱት፣ ራቅ ብለው አዩአት፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "እንዲህ ተሸፍነሽ አየሁሽ" አሉ፤ "ከእንግዲህ ብሞትም ግድ የለኝም።" የውሸት አልነበረም፤ እናቷ ይወዷታል፤ ሔርሜላም ይህን በደንብ ታውቃለች። በመረቡ ውስጥ መስታወቱን አየች። እዚያ ያለችው ቆንጆ ልጅ ናት፤ ምንም ያልደረሰባት። አዳራሹ ውስጥ የምትቀመጠው ይህችኛዋ ናት ማለት ነው ብላ አሰበች። እናቷ ስለ ኪራዩ ሲከራከሩ ልብሷን ቀይራ ስልኳን ይዛ ወጣች።

ሰብስቤ ሬኮ በሚባል ቦታ ያለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ነው። በዚህ ወቅት እሸቱን ከገበሬ እየተረከበ ሌት ተቀን እዚያው ነው፤ አንድ ቀን ቢጠፋ ቡናው ይበላሻል። ደውላ ስታገኘው የመፈልፈያው ማሽን እየጮኸ ነበር። "ቆይ፣ ልውጣ" አላት። ጩኸቱ ራቀ፤ ቦይ የሚሄድ ውሃ ተሰማ።

"ቦታ መረጣችሁ?"

"እማዬ አዳራሽ ትላለች።"

"ጥሩ ነዋ" አለ። ከዚያ ጥሩ መሆኑን የተጠራጠረ መሰለ።

"ጋሼ ግዛቸው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

"አንቺ ያልሽውን እላለሁ።"

"አንተ ምን ትላለህ ነው ያልኩህ።"

ውሃው ብዙ ሄደ። "ባለፈው እሁድ ቡሌ ወጥቼ ነበር" አለ ሰብስቤ። "እማዬ ቅቤ እያስቀመጠች ነው፤ ለአራስ። በቅል ሞልታ እንሰት ቅጠል አሥራበታለች። ከእሱ ማንም እንዳይነካ ብላ አልጋዋ ሥር ነው ያለው።"

"አልነገርካትም?"

"አፌ እምቢ አለኝ ሔርሚ።" ከኋላው ሰው ጠራው፤ እመጣለሁ አለ፤ ግን አልዘጋም። እሷም አልዘጋችም። ሁለቱም ያችን ቅል እያሰቡ ቆዩ። በኋላ ኔትወርኩ ራሱ ቆረጠላቸው።

ቤተክርስቲያኑ ግቢ ሲደርሱ አዳራሹ ክፍት ነበር፤ አንዲት ሴት ሲሚንቶውን ታጥባለች። መድረኩ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል፤ ጎኑ ባዶ ነው። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከበሩ ቆመው አዩትና ቀስ ብለው "አባትሽ ዛሬ ይጨርሰዋል" አሉ። ከዚያ ዞረው ወደ ቢሮው ሄዱ። ጋሼ ግዛቸው ከተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች ሁለቱን አንስተው በመሐረባቸው ጠርገው ሰጧቸው። ጡረታ የወጡ የጤና ባለሙያ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ሲጠይቁ መልሱን ራሳቸው ጥያቄው ውስጥ ማስገባት ለምደዋል፤ ሰው እንዳይቸገር ብለው ነው። ስለ ቡናው ዋጋ ጠየቁ፣ ስለ አቶ ሽብሩ ወገብ ጠየቁ፣ ስለ ታይፎይዱ ሰምተው ማዘናቸውን ተናገሩ። ሰብስቤ ቡናው ሲያልቅ እንደሚመጣ ተነገራቸው፤ እሱን በኋላ እጠይቀዋለሁ አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ ሁልጊዜ ጥያቄውን ሲጠይቁ ወደ መስኮቱ ነው የሚያዩት።

"እንግዲህ ልጄ፣ እስከ ዛሬ በንጽሕና ተጠብቃችኋል አይደል?"

አዎ ማለት ብቻ ነው። ራሷን ብትነቀንቅም ይበቃል። እናቷ በጎኗ ትንፋሻቸውን ይዘዋል፤ ነጠላቸው ጫፍ ሥር ጣቶቻቸው ተቆላልፈዋል፤ እየጸለዩ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በልባቸው። ሔርሜላ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ይህን ለእናቷ ልትሰጣቸው ፈልጋለች፤ ምን ይከብዳታል፣ ምንም የማይሰማት ሰው ምን ይከብደዋል። ከዚያ ያቺ ቅል መጣችባት፤ አልጋ ሥር፣ ቅጠል ታሥሮባት።

"አይደለም ጋሼ" አለች።

"ሔርሚ!" አሉ እናቷ።

"ልጅ ነበረኝ። ወረደብኝ። ታይፎይድ አይደለም።"

ጋሼ ግዛቸው ከመስኮቱ ዞሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። "ልጄ" አሉ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ "እኔ የምለው… አሁን እኮ የለም። ከጌታ ጋር በግልሽ ልትጨርሺው ትችያለሽ። ለእናትሽም ለአባትሽም ማሰብ አለ። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ከብዷል፤ ያልሰማሁት ብዙ ነገር አለ። ሰብስቤ ሲመጣ ያለው ቅዳሜ አዳራሹ ባዶ ነው።"

"አዳራሽ ከገባሁ አልነበረም ማለት ነው" አለች ሔርሜላ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ የሚዛኑን ኪሎ ለገበሬ እንደምትነግር ነው የተናገረችው። "ነበረ ጋሼ።"

ከአዳራሹ የመጥረጊያው ድምፅ ይመጣል። ጋሼ ግዛቸው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ገለጡ፣ የተደራረቡትን ወንበሮች በዓይናቸው ለኩ። "ሐሙስ ጠዋት እንግዲህ፤ ቡናው ሲያልቅ ያለው ሐሙስ" አሉ። "እዚሁ ነው። ቤተሰብና ምስክር ብቻ።" ከበሩ ሲሸኟቸው ሔርሜላን በእጃቸው ያዝ አድርገው፣ ሰው ዝናብ መጣ ተጠለሊ እንደሚል ቀስ ብለው "ዓይነ ርግብ እንዳታደርጊ ልጄ" አሏት።

ባጃጁ ውስጥ ሔርሜላ ስድቡን ጠበቀች፤ "ምን አደረግሁሽ" የሚለውን ጠበቀች፤ ለዚያ መልስ አዘጋጅታ ነበር። እናቷ ግን መንገዱን ብቻ ያያሉ። ሱራያ ሱቅ በር ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ሌላ ወገን አዞሩ። ሠፈራቸው ሲገቡ ሾፌሩ የጠራውን ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሉት፤ ሔርሜላ እናቷ እንዲህ ሲያደርጉ አይታ አታውቅም። ያኔ ነው ያደረገችውን ነገር ትልቅነት የተረዳችው። አዘነችላቸው ለማለት ይከብዳል፤ ማዘን እንዳለባት ግን አወቀች። እናቷ ቤት ገብተው ልብሳቸውን ሳይቀይሩ ቀጥታ ማድ ቤት ገቡ፤ ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ።

አቶ ሽብሩ በረንዳው ላይ ናቸው። የወንበሩ እግር ተጣብቋል፤ አሁን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል። ሔርሜላ ማለፍ ፈለገች፤ ግን በሩ ላይ ተቀምጠዋልና ቆመች።

"የት ሆነ?" አሉ ሳይዩአት።

"ቢሮ።"

የብርጭቆ ወረቀቱ ቆመ። አባቷ በወንበሩ እግር ላይ የተጠራቀመውን ብናኝ እፍ አሉ፣ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ልስላሴውን የሚፈትሹ ይመስላል፣ ጣታቸው ግን አንድ ቦታ ላይ ቀርቷል። ማድ ቤቱ በረንዳው ጫፍ ላይ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ የእናቷ ጀርባ ይታያል። አቶ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ስንት ወሩ ነበር?" አሉ።

ሔርሜላ አፏን ከፈተች። ሐኪሙ ከጠየቃት ወዲህ ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። መልሱን ታውቀዋለች፤ ቀን በቀን ታውቀዋለች። ማድ ቤት ውስጥ የቢላዋው ድምፅ ቀጥ አለ። እናቷ አልዞሩም።

"አራተኛውን ይዞ ነበር" አሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን።

ሔርሜላ በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ከወንበሩ ሥር ተቀመጠች። የደነዘዘ እግር ሲለቅ መጀመሪያ የሚመጣው መውጋት ነው፤ ወጋት።